የሁለት ፈረቃ በር

መኪና አልባሹ በዕድሜው ሙሉ አጥብቆ የያዘው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እሺ»። ደንበኛ ወንበሬ ለነገ ይድረስልኝ ሲለው እሺ፣ ሌላው ደንበኛ የኔ ይቅደም ሲለው እሺ፣ ሚስቱ ዛሬ በጊዜ ግባ ስትለው እሺ፣ ጓደኛው ዛሬ እናምሽ ሲለው እሺ። እሺዎቹ እርስ በርስ ሲላተሙ መሃል ገብቶ አፉን ከፍቶ ይቆማል እንጂ አንዱንም መልሶ አይወስድም። ሥራው እርቃናቸውን የቀሩ መኪኖችን ማልበስ ነው። የተቀደደ ወንበር ይሰፋል፣ የረገበ ጣራ ይወጥራል፣ የበር ውስጥ ሽፋን በአዲስ ቪኒል ይለብጣል። እጁ የገባ መኪና ለብሶ ይወጣል፤ የራሱ ሸሚዝ ግን ሙሉ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሚስቱና በወንድሟ መካከል ዳኛ ሆኖ የተሾመው።

የሚስቱ አባት ሲሞቱ የተዉት ሀብት አንዲት ጣራዋ የሚታጠፍ አሮጌ መኪና ናት። አካሏ የወተት ቀለም ነው፤ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ፓራውልቷ ፊት ተቀምጦ ጢም መላጨት ይቻላል። ጣራዋ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የሚያሰማው ሲጥሲጥታ ደግሞ ለብቻው ታሪክ አለው፤ አንድ ጊዜ በድንገት ሲታጠፍ የደነገጠች የጎረቤት ዶሮ ከዚያ ወዲህ ባለ ሁለት አስኳል እንጂ ሌላ እንቁላል ጥላ አታውቅም ይባላል። በሮቿ ሁለት ብቻ ናቸው። ቤተሰቡን ለሁለት የከፈለው የእነዚህ በሮች የውስጥ ሽፋን ነው።

የአልባሹ ሚስት አስተማሪ ናት። ቤቷ ውስጥም እንደ ክፍል ነው የምትናገረው፤ ባሏ ወሬ ጀምሮ መሃሉ ላይ ሲጠፋበት «ከመጀመሪያው ድገመው» ትለዋለች። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰፈሩ ዝሆኔ ይለዋል፤ እንዲያው ለማሞገስ አይደለም፣ ትንሽ መኪና ውስጥ በአንድ በኩል ሲቀመጥ በሌላው በኩል ያለው ጎማ ከመሬት ተነስቶ ንፋስ ይቀበላል። ዝሆኔ ለአልባሹ የሚስት ወንድም ብቻ አይደለም። የጉርምስና ጓደኛው ነው፤ ያጋባቸውም እሱ ነው።

ታዲያ እህትና ወንድም የወተት ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ የጀመሩት ጭቅጭቅ አለ። እሷ የአባባ መኪና በሯ ቀይ ነበር ትላለች። እሱ አረንጓዴ ነበር ይላል። እሷ ቀዩን ትምህርት ቤት እስክደርስ በጣቴ ስዳብሰው አስታውሳለሁ ስትል፣ እሱ አረንጓዴው ላይ ተደግፌ አንቀላፋ ነበር ይላል። ውሸታም እየተባባሉ አደጉ። በሮቹ አሁን ቡኒ ናቸው። ቡኒውን አባትየው ልጆቹ ጎረምሳና ኮረዳ ሲሆኑ ያለበሱት ነው፤ ስለ ድሮው ቀለም ሲጠየቁም ሳል ይይዛቸው ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ ግን ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። መኪናዋ የማን ትሁን ሲባል ዝሆኔ የአባቴን መኪና ለውሸታም አልሰጥም አለ፤ እሷም እኔም አልሰጥም አለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። እሷ ከጓዳ የምትልከውን መልእክት አልባሹ ግቢው በር ላይ ለቆመው ወንድሟ ያደርሳል፣ የእሱን መልስ ደግሞ ይዞ ይመለሳል፤ መሃል መንገድ ላይ ስድቡን ያወጣለትና ቀሪውን ያቀብላል። ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ በእሱ በኩል አንድ ስምምነት ተገኘ። ቡኒው ይላጥ፤ ከሥሩ የሚወጣው ቀለም ይፍረድ፤ የተረታው መኪናዋን ይልቀቅ፤ ፍርዱም እሁድ ይሁን። አልባሹ ለሁለቱም እሺ አለ። ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ቀይ ከወጣ ዝሆኔ እግሩን ከዚህ ቤት ያነሳል፤ ብሎታልም። አረንጓዴ ከወጣ ሚስቱ ወንድም አለኝ አትልም፤ እሷም ብላዋለች። አልባሹ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ለማጣት የሚተርፍ ሰው አልነበረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እማማ አሉ፤ የሁለቱ እናት፣ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር የዝሆኔን ባዶ ወንበር አይተው ከጠረጴዛው ጠጋ የሚያደርጉት።

ሥራ ቤቱ በግቢው ፊት ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንዱ በሩ ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ጓሮው ይከፈታል። የቪኒል ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል፣ ጥግ ላይ የስፌት መኪና አለ፣ ከሥሩ ድመቷ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ላይ ትተኛለች። አልባሹ እሁድ ሳይደርስ በአንዱ ቀን ጠዋት የመስተዋቱን ማዞሪያ ነቀለ፣ የክንድ መደገፊያውን በካቻቢቴ ፈታ፣ ጠፍጣፋ ብረት ከሽፋኑ ሥር አስገብቶ ክሊፖቹን ጧ ጧ እያደረገ አላቀቃቸው። ሽፋን ሲባል ቪኒል የተለበጠ ኮምፔርሳቶ፣ ስስ ጣውላ ነው። ወደ በሩ ብረት የሚዞረው ጀርባው ውሃ እንዳያገኘው በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩ ከለመደው በላይ ተጠንቅቀው ነው የለጠፉት፤ አየውና አለፈው። የፊቱን ቡኒ በሚስቱ የፀጉር ማድረቂያ አሞቀና ጫፉን ይዞ ሳበው። እንደ ሙዝ ልጣጭ መጣ። ከሥሩ ቀይ ነበር፤ ቀይም ቀይ፣ ዓይን ጨፍነው እንኳ የሚታይ ቀይ።

ሌላኛውንም ላጠው። እሱም ቀይ። ሁለቱንም በየበራቸው መልሶ ገጠመና ራቅ ብሎ አያቸው። ዝሆኔን አሰበና የላጠውን ቡኒ ጠቅልሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተተው።

ሚስቱ ለምሳ ስትመጣ ፊቱን አየችው፤ ፊቱ ደግሞ ምስጢር ማሳደር አይችልም። እስከ እሁድ አልናገርም ያለውን ሰው ኮቷን ሳታወልቅ አናዘዘችው። ሄዳ አየች። በሩን በጣቷ ዳር እስከ ዳር ዳበሰችው፣ አልሳቀችም፣ አልፎከረችም። ጠረጴዛው ላይ ስትመለስ ለእናቷ ቀይ መውጣቱን ነገረቻቸው። እማማ ዳቦውን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ ቆዩና ወደ አልባሹ ዞሩ።

«ጀርባውስ?»

«ጀርባው ላስቲክ ነው እማማ።»

«እህ» አሉና ዳቦውን ጎረሱ። እርጅና ነው አለ አልባሹ በልቡ።

ከምሳ በኋላ ሚስቱ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች፤ እሱ ክሊፕና ማስቲሽ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ የመኪናዋ በር አረንጓዴ ነበር።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ የሰው ሥራ ቤት የገባ መስሎት ነው። ደጅ ላይ ሆኖ የራሱን ቆርቆሮ አወቀና ተመለሰ። አረንጓዴ ነው። ታርጋውን አነበበ፤ ያው ታርጋ ነው። የማስቲሹን ቆርቆሮ አየው፤ ማስቲሽ ሲተን ሰው ጭንቅላት ላይ እንደሚወጣ ይታወቃል፣ ግን ክዳኑ እንደተገጠመ ነው። ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ መጣ። አሁንም አረንጓዴ፤ ያውም ሲታጠብ ጊዜ ጠርቶ የታየው አረንጓዴ። ከሥሩ ቀዩ ይኖር እንደሆነ ብሎ ጥግ ላይ በጥፍሩ ፋቀው፤ እንጨት ነው። የላጠውን ቡኒ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቶ ጀርባውን አየ። ማስቲሹ ላይ የቀይ ቪኒል ብናኝ ተጣብቋል። ቀይ ነበረ ማለት ነው። ነበረ እንጂ የት እንደሄደ ቡኒው አይናገርም።

ከመንገዱ ማዶ የሚሠራውን በያጅ እጁን ይዞ አመጣው። ይሄ ምን ቀለም ነው ብሎ ቢጠይቀው በያጁ ትንሽ አጎንብሶ አየና ጥቁር ነው አለ። አልባሹ ሦስተኛ ቀለም መጣ ብሎ ራሱን ያዘ። በኋላ ነው የሰውየውን የብየዳ መነጽር ያስተዋለው። አስወለቀው። «አረንጓዴ ነዋ» አለ በያጁ፤ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?»

በያጁ ሳይወጣ ዝሆኔ ገመድ ሊዋስ ከተፍ አለ። አልባሹ በሩን በጀርባው ሊሸፍን ተሯሯጠ፤ ግን አልባሹ ቀጭን ነው፣ በሩ ሰፊ ነው። ዝሆኔ አየ። ምንም ሳይል መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ መኪናዋ ወደ እሱ ዘንበል አለች። ያ ሁሉ ሰውዬ ጉንጩን በሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ ወጣና አልባሹን ከነጫማው ከመሬት አንስቶ አቀፈው።

«አባባ የኔን ቀለም ነው የመረጠው» አለ ጆሮው ላይ። «እኔ እኮ አውቄዋለሁ። እሁድ ቁልፌን ይዤ እመጣለሁ፣ እሺ?»

አልባሹ ጠዋት እኮ ቀይ ነበር ሊል ነበር። አየር ላይ የተሰቀለ ሰው ግን የለመደው ቃል ነው የሚቀድመው። «እሺ» አለ።

ዝሆኔ እንደ ሄደ ክሊፕ ሻጩ ትርፍ ክሊፕ ሰጥቶት ነበርና ሊመልስለት ወጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በር መራቅ ፈልጎ ነው። ሲመለስ ሚስቱ ከሥራ ገብታ መኪናዋ አጠገብ ቆማለች። ስለ አረንጓዴው እንዴት እንደሚነግራት እያሰበ፣ እግሩን እየጎተተ ደረሰ። እሷ ፈገግ ብላ በሩን መታ መታ አደረገችው።

«ማታ ማታ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል፣ አይደል?»

በሩ ቀይ ነበር።

አልባሹ በዚያ ሌሊት ያሰበውን ማንም አላሰበውም። እስስት የሚባለው እንስሳ ቆዳው ቀለም ይቀያይር የለ፤ ድሮ ድሮ ከእስስት ቆዳ ቪኒል የሚሠራ ፋብሪካ ነበር ይሆን? ደግሞ ቪኒል ቆዳ አይደለም። ወይስ ቀለሙ የሚያየውን ሰው ዓይቶ ነው የሚለወጠው? በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ እንደወጣች ቀዩን በውሃ አራሰው፣ በሳሙና አሸው፣ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀው፣ ሰደበው። ቀይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ቀለሙ የሚለወጠው እሱ ሲወጣ ነው። ስለዚህ እማማ እንዲሰሙ አድርጎ ገበያ መሄዱን በጩኸት ተናገረ፣ የግቢውን በር ከፍቶ ዘጋ፣ ሳይወጣ በጥፍሩ ቆሞ ተመለሰና ከቪኒል ጥቅሎቹ ጀርባ ተሸሸገ።

ብዙም አልቆየ፣ የጓሮው በር ተከፈተ። እማማ ሽርጣቸውን ታጥቀው ገቡ። አንድ እጃቸው ላይ የቅቤ ቢላ፣ አንድ እጃቸው ላይ ካቻቢቴ ይዘዋል። ድመቷን እንደ ሥራ ባልደረባ ሰላም ብለው የመስተዋቱን ማዞሪያ ነቀሉት፣ ቢላዋን ከሽፋኑ ሥር ሰደዱት፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ክሊፖቹን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ እያስገቡ የግራውን ሽፋን አውልቀው ከወንበሩ ጋር አስደገፉት። የቀኙንም አወለቁ። ጥቁሩ ላስቲክ ከሁለቱም ጀርባ ላይ የለም። ከላስቲኩ ሥር የነበረው ደግሞ አረንጓዴ ቪኒል ነው፤ ተጎትቶ፣ ተወጥሮ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ የተለበጠ። ከዚያ እማማ የግራውን ይዘው ወደ ቀኝ በር ሄዱ።

አልባሹ አሁን ተሳሳቱ ብሎ ትንፋሹን ያዘ። የግራ በር ሽፋን የቀኝ በር ላይ አይገባም፤ ይህን ከሥራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያውቃል። እማማ ግን ገለበጡት። ሲገለበጥ ልክ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ቀዳዳው ከቀዳዳው፣ ቅስቱ ከቅስቱ። አልባሹ በድንጋጤ አስነጠሰው፤ ጥቅሎቹም ተራ በተራ ላዩ ላይ ወደቁ።

እማማ አልደነገጡም። «ና ያዝልኝ» አሉት፤ «ወገቤ ተበጠሰ እኮ።»

ያዘላቸው። እየገጠሙ ነገሩት። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ የበሩ ሽፋን አርጅቶ መቀየር ነበረበት። ልጅቷ ቀይ ካልሆነ አልገባም አለች፤ አባቷ እሺ አሏት። ልጁ አረንጓዴ ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ አለ፤ እሱንም እሺ አሉት። አልባሹ እዚህ ላይ አንገቱን ነቀነቀ፤ አማቱን በሳላቸው ብቻ ነበር የሚያውቃቸው፣ አሁን ግን አብሯቸው ያደገ መሰለው። ሁለት እሺ ተሸክመው ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ ዓይናቸው ጫማቸው ላይ ወደቀ። የግራ ጫማ ገበር አውጥተህ ብትገለብጠው የቀኝ ጫማ ገበር ይሆናል። በርም እንደዚያው ነው። አንዱን ፊት ቀይ፣ አንዱን ፊት አረንጓዴ አስለበጡት። ግራና ቀኙን ገልብጠው ሲያቀያይሩት መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች።

ልጆቹ የሚማሩት በፈረቃ ነበር። ልጅቷ ጠዋት በቀዩ ትሄዳለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ በቀዩ ትመለሳለች። ልጁ ከሰዓት በአረንጓዴው ይሄዳል፣ ሲመሽ በአረንጓዴው ይመለሳል። ሁለቱም አብረው የሚሄዱ ከሆነ በሩ ሁሉ አንሶላ ይለብሳል፤ ጣራው ክፍት ስለሆነ አቧራ እንዳይነካው ነው ይባላል። ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚኖር አንድ ጎረቤት መኪናዋን ጠዋትና ከሰዓት እያየ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ መነጽር ገዛ። ልጆቹ አድገው አንሶላው አላታልላቸው ሲል አንዱ ፊት ቡኒ ለበሰ፣ አንዱ ፊት በላስቲክ ተደፈነ፣ አባትየውም ማሳል ጀመሩ።

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?» አላቸው አልባሹ። «ሁለቱም እኮ እውነታቸውን ነው።»

እማማ የመጨረሻውን ክሊፕ በመዳፋቸው መትተው አስገቡት። «ልጄ፣ እሷ አባቴ የኔን ቀለም መረጠልኝ ብላ ነው ያደገችው። እሱም እንደዚያው። ብነግራቸው የቱን ልሰጣቸው ነው? የሁለቱንም ነው የምወስድባቸው።»

እሁድ ምን ልበል ቢላቸው ዳኛው አንተ ነህ አሉት። ካቻቢቴውን ግን ትተውለት ሄዱ።

አልባሹ ያን ቀን ሙሉ አንድ ነገር ሞከረ። አንዱን በር ቀይ፣ ሌላውን አረንጓዴ ላድርግና ሁለቱንም ላስደስት አለ። የግራውን በቀይ ገጠመው፤ የቀኙ በር ደግሞ ቀይ ካልሆነ አልገባ አለ። የቀኙን ሽፋን ሲገለብጠው አረንጓዴ ሆነ፣ ግን ወደ ግራ በር ካልሄደ አይገጥምም፤ ግራው ደግሞ ተይዟል። ሁለቱን ሽፋኖች እያገላበጠ መኪናዋን ሲዞራት ድመቷ ራሷን አዞራት መሰል ተነስታ ወጣች። አንድም ሙሉ ቀይ፣ አንድም ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ አባትየው መካከለኛ መንገድ አላስቀሩም።

ስለዚህ የእሳቸውን መንገድ ያዘ። እሁድ ጠዋት ለሚስቱ ቀዩን ያሳያል፣ ከሰዓት ለዝሆኔ አረንጓዴውን ያሳያል፤ ሁለቱም ረቱ፣ ማንም አልተረታም። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በዚህ ብልሃቱ ሲኮራ ነው አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደረገው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሁለቱ እስካልተነጋገሩ ድረስ ብቻ ነው። የታረቁ ቀን ያልቅለታል። እንዲታረቁ ነው የፈለገው፤ ያደረገው ደግሞ እንዳይታረቁ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ቢገለብጠው፣ ቢያቀያይረው ሊገጥምለት አልቻለም። እሺ ብሏል እንጂ ምን ያድርግ።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ ቀዩን አየች። እሱ ጋ ያለውን ቁልፍ ሰጣት፤ አልተቀበለችም።

«መኪናዋን ይዟት ይሂድ» አለችው። «ውሸታም አለመሆኔን ብቻ ንገረው። በደንብ ንገረው፣ ስድብ ሳትጨምር።»

ስድብ ማውጣት እንጂ መጨመር የእኔ ሥራ አልነበረም ሊላት ፈለገና እሺ አላት። ከምሳ በኋላ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ሽፋኖቹን አወለቀ። የግራውን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ አቆመው፤ ክሊፖቹን ወደ ሌላው ፊት ሊያዛውር ነው። ችኮላ ላይ ስለነበረ የቀረቀረው የጓሮውን በር መሆኑን አላሰበም። የመንገዱ በር ወለል ብሎ ዝሆኔ ገባ። ያለ ሰዓቱ ነው የመጣው፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። አረንጓዴውን አየና ጥርሱ ተገለጠ።

በዚያው ቅጽበት ሚስቱ ከኋላ በሩን ገፋ ገፋ አደረገችው። የጓሮው መቀርቀሪያ ከድሮም ለስሙ ነው የተሠራው፤ ተከፈተ። ለባሏ ሻይ ይዛለታለች፤ ከኋላዋ እማማ አሉ። እሷ ከኋላው ሆና የምታየው የሽፋኑን ሌላ ፊት ነው።

ወንድሟን አየችው። እሱም አያት። አንዳቸውም መዞር አልቻሉም።

«አየኸው አይደል?» አለች። «ቀይ ነው።»

«ምኑ ነው ቀይ? ፊትሽ ያለውን አታይም እንዴ? አረንጓዴ ነው።»

«ዓይንህን ታመሃል?»

«አንቺ ነሽ የታመምሽው። አስተማሪ ሆነሽ ቀለም አትለዪም?»

አልባሹ በመሃላቸው ሽፋኑን እንደ ግድግዳ ታቅፎ ተቀምጧል። እማማን አያቸው፤ እሳቸው የስፖንጁ ክምር ላይ ተቀምጠው ሽርጣቸውን ያስተካክላሉ፤ እርዳታ የለም። እነዚህ ሁለት ሰዎች አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ የሚነጋገሩት ደግሞ ስድብ ነው። ዝም ቢል ሁለቱም እንደመጡ ይሄዳሉ። ቢናገር ምን እንደሚወስድባቸው እማማ ነግረውታል። አፉ ውስጥ እሺ ብቻ ነበር፤ እሺ ደግሞ እዚህ ላይ ምንም አልረዳም።

ሽፋኑን አዞረው።

ዝሆኔ ቀይ አየ። እህቱ አረንጓዴ አየች። አልባሹ ደግሞ መልሶ አዞረው፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ። ሻዩ ከብርጭቆው እየፈሰሰ ነበር።

ዝሆኔ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አንሶላው» አለ።

«አቧራ እንዳይነካው» አለች እህቱ። እሷም ተቀመጠች። ሽፋኑን ከባሏ እጅ ወስዳ አንዱን ፊት ዳበሰች፣ ገልብጣ ሌላውን ዳበሰች፣ እንደገና ገለበጠችው። አባባ ምሳ ሰዓት ላይ እሷን ያመጣና ሳይቆይ ወንድሟን ይዞት ይሄድ ነበር። በመሃል እንዴት ነው ይህ ሁሉ ክሊፕ የሚወልቀውና የሚገባው? እናቷን ቀና ብላ አየች።

«ያ ሰውዬ» አሉ እማማ፣ «እናንተ ትምህርት ቤት በነበራችሁበት ጊዜ ሁሉ ምሳ ቁጭ ብሎ በልቶ አያውቅም። መኪናዋን ልያት ብሎ ይወጣል። እኔ ዳቦውን በመስኮት አጎርሰዋለሁ።»

ዝሆኔ፣ ታዲያ የቱ ነው ፊቱ፣ የቱ ነው ጀርባው ብሎ ጠየቀ። እማማ አላውቅም አሉ። አልባሹም ሽፋኑን ተቀብሎ ጠርዙን፣ ስፌቱን፣ የክሊፑን ቀዳዳ መረመረ፤ ሙያው ነው፣ ሌላ ሽፋን ቢሆን በጨለማ ያውቀዋል። ይሄኛው ግን ሁለቱም በኩል ፊት ነው።

ከዚያ ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ተነሳ። እናታቸውን ይዘው በድሮው ሰፈራቸው በኩል ዞር ዞር ሊሉ ተስማምተዋል፤ በሩ ግን የቱን ይልበስ? «አረንጓዴውን ግጠምለት» አለች ሚስቱ። «ምን ሲደረግ፣ ቀዩን ግጠምላት» አለ ዝሆኔ። እሷ ግትር አለችው። እሱ አንቺ ነሽ ግትር አላት። ድምፃቸው ከበፊቱም በላይ ከፍ አለ፣ ግን አልባሹ ሲሰማው ያው ጭቅጭቅ አልመስል አለው፤ እሱም ገልበጥ ያለ ይመስላል። ለሁለቱም እሺ አላቸው። ሁለቱንም እሺ ስላለ ምንም አልገጠመም።

እንደዚሁ ወጡ። በሮቹ ብረታቸው አግጥጦ፣ የመስተዋቱ ማሽን ጥርሱ ታይቶ። ዝሆኔ መሪ ያዘ፤ እማማ ጎኑ ተቀመጡ፤ መኪናዋ በእሱ በኩል ስለዘመመች እህቱ ሚዛን ለመጠበቅ ከኋላ በእናቷ በኩል ተቀመጠች። ጣራው ሲጥሲጥ እያለ ታጠፈ፤ የዶሮዋን ነገር ዛሬ ማን ያውቃል። አልባሹ ሁለቱን ሽፋኖች ጭኑ ላይ አቁሞ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። መንገዱ ነቅነቅ ባደረጋቸው ቁጥር እየተንሸራተቱበት ሲያስተካክላቸው፣ የቱ የግራ የቱ የቀኝ እንደነበረ ጨርሶ ጠፋበት።

በድሮው ሰፈር፣ በድሮው ቤት ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። መኪናዋ ቀስ ብላ ስታልፍ አንገቱን ዘርግቶ በሮቿን ተመለከተ። ቀይ አይደለም። አረንጓዴም አይደለም። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ መልሶ አደረገው። ዝሆኔ ጥሩምባውን ነፋለት። ሽማግሌው መነጽሩን ደግሞ አወለቀ።